ኪራያችንን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ይታወቅ፦ ለዲሲ ዋና ዐቃቤ ሕግ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ብራያን ሽዋልብ
የዋሽንግተን ዲሲ ዋና ዐቃቤ ሕግ

ክቡር ሆይ፣

ቢሮዎ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የኪራይ ዋጋ የሚያወጣ ሶፍትዌር በሚሸጠው በሪልፔጅ ኩባንያና በ14 ትልልቅ አከራይ ድርጅቶች ላይ ክስ በመመሥረቱ እናመሰግናለን። ይህን የምንጽፈው ጉዳዩ በቅጣት ገንዘብ ብቻ እንዳይዘጋ ብለን ነው።

ክሱ እንደሚያስረዳው፣ ሊፎካከሩ የሚገባቸው አከራዮች ለሕዝብ የማይታየውን መረጃቸውን፣ ተከራይ የፈረመበትን ትክክለኛ ዋጋ ጭምር፣ ወደ አንድ ሶፍትዌር ያስገባሉ። ሶፍትዌሩም ለእያንዳንዱ ቤት ዋጋ ይቆርጣል። አምስት አከራዮች አንድ ጠረጴዛ ከበው ይህን ቢያደርጉ መመሳጠር ነው፤ በኮምፒውተር ሲሆን ስሙ ሊለወጥ አይገባም።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። መቶ ቤት ያለው ሕንፃ 97ቱን በ2,000 ዶላር ቢያከራይ በወር 194,000 ያገኛል። ዋጋውን 2,100 አድርጎ 94ቱን ብቻ ቢያከራይ 197,400 ይገባለታል። ስድስት ቤት ባዶውን እያደረ ትርፉ ጨመረ ማለት ነው። ይህ የሚያዋጣው ግን ጎረቤቱ ሕንፃም ዋጋውን ካላወረደ ብቻ ነው፤ አለዚያ ተከራዩ መንገድ ተሻግሮ ይሄዳል። የጋራ ሶፍትዌሩ የሚያስፈራን ያንን መሻገሪያ ስለሚዘጋ ነው። የዲሲ የኪራይ ቁጥጥር ደግሞ የግንባታ ፈቃዳቸውን ከ1975 በኋላ ያገኙ ሕንፃዎችን ስለማይሸፍን፣ በአዳዲሶቹ ሕንፃዎች ያለ ተከራይ ሌላ መከላከያ የለውም።

ክሱ ከ50,000 በላይ አፓርታማዎችን ይጠቅሳል። በእያንዳንዱ ላይ በወር 50 ዶላር ብቻ ያላግባብ ተጨምሮ ቢሆን በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዚህ በታች የሆነ ቅጣት ለድርጅቶቹ እንደ አንድ ተጨማሪ ወጪ ብቻ ይቆጠራል።

ስለዚህ በማንኛውም ስምምነት ወይም ፍርድ፣ የተፎካካሪን ድብቅ መረጃ ለዋጋ መቁረጫ መጠቀም የሶፍትዌሩ ስም ማንም ይሁን ማን እንዲከለከል እንጠይቃለን። ሶፍትዌሩ ያወጣውን ዋጋ ሰው ሳያየው የሚያጸድቀው አሠራርም ይቁም። የሊዝ (የኪራይ ውል) ማደሻው ደብዳቤ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ዋጋው በሶፍትዌር የወጣ መሆኑ ይጻፍ።

ካሳ ከተገኘ አከፋፈሉ ላይ አደራ እንላለን። ቅጽ ሙሉና ጠይቁ ከተባለ ብዙ ሰው ይቀራል፤ ቼኩ በድሮ አድራሻ ከተላከም ቤት የቀየረው አያገኘውም። አከራዮቹ የከፈልነውን በየወሩ መዝግበው ይዘዋል፣ ኢሜይላችንም አላቸው። ያንን መዝገብ ያስረክቡና ገንዘቡ ያለ ማመልከቻ ይከፈል። ቤት ተጋርተው የሚኖሩ ሁሉ፣ ስማቸው ሊዙ ላይ እስካለ ድረስ፣ ድርሻቸው ይድረሳቸው። ማስታወቂያውንም ቢሮዎ በአማርኛ ጭምር ያውጣ፤ የ2004ቱ የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የወጣው ለዚሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በዲሲ የምንኖር አማርኛ ተናጋሪ ተከራዮች