ለኮንግረስ እጩ የሰፈር ጥያቄ እንዴት ይቅረብ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የኮንግረስ ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በጋዜጣዎ ላይ የሚወጡት ጽሑፎች በአብዛኛው ስለ ኢሚግሬሽን ሕግ፣ ስለ ጤና መድንና አሜሪካ በኢትዮጵያ ላይ ስለምትከተለው ፖሊሲ የሚያወሱ ናቸው። ጉዳዮቹ መነሣታቸው ተገቢ ቢሆንም፣ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር አንባቢዎች እጩዎቹን ስለ ሰፈራችን ምን ብለን እንደምንጠይቃቸው አይነግሩንም። እጩዎች ወደ ማኅበረሰባችን አዳራሽ ሲመጡም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ አንዱ ስለ ሕዳሴ ግድብ፣ ሌላው ስለ ዲቪ ይጠይቃል፣ እጩውም እንጀራችንንና ቡናችንን አመስግኖ ይሄዳል።

ሌላው ጽንፍም አይጠቅምም። የመንገድ መብራት፣ የቆሻሻ ማንሻ ቀንና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ የካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ሥራ ስለሆኑ፣ የኮንግረስ እጩ እነዚህን አስተካክላለሁ ካለ ወይ ሥልጣኑን አያውቅም፣ ወይ እኛ አናውቅም ብሎ ገምቷል። ተወካያችን ጄሚ ራስኪን በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፕሬዚዳንት ትራምፕ ላይ የቀረበውን ክስ በሴኔት ፊት የመሩት ለዚህ ዓይነቱ ሀገራዊ ሥራም ጭምር ስለተመረጡ ነው። ስለዚህ ሀገራዊውንና የሰፈሩን ጉዳይ እኩል ለሁለት እንካፈል ማለቴ አይደለም፤ የምለው የሰፈሩ ችግር በየትኛው በኩል ከፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ጋር እንደሚገናኝ ለይተን እንጠይቅ ነው።

ከቤተስዳ ተነሥቶ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል እስከ ኒው ካሮልተን የሚዘልቀው የ16 ማይሉ ፐርፕል ላይን ባቡር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፕሮጀክቱ የሜሪላንድ ግዛት ቢሆንም ግንባታው በ2017 የተጀመረው የፌዴራሉ መንግሥት 900 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ከተስማማ በኋላ ነው። በ2020 የግንባታው ተቋራጭ በወጪ ጉዳይ ከግዛቱ ጋር ተካስሶ ሥራውን ጥሎ ወጣ፤ በ2022 አገልግሎት ይሰጣል የተባለው ባቡርም ቢያንስ አምስት ዓመት ዘገየ። ይህ ሁሉ ሲሆን መስመሩ በሚያልፍበት በቦኒፋንት ጎዳና ያሉ ትናንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በአጥርና በቁፋሮ ተከበው፣ ደንበኛ እየራቃቸው፣ የቤት ኪራዩን ግን እንደወትሮው መክፈል ነበረባቸው። እንግዲህ ለእጩው የሚገባው ጥያቄ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚወጣበት ግንባታ የአካባቢውን ንግድ ሲጎዳ የሚከፈለው ካሣ ገና ከጅምሩ በስምምነቱ ውስጥ እንዲካተት የሚያስገድድ ሕግ ያቀርባሉ ወይ የሚል ነው። ጥያቄው የአንድ ጎዳና ነው፤ መልሱ ግን ሀገር አቀፍ ሕግ ይሆናል።

በጀትም አለ። ለአሥር ዓመት ያህል ቀርቶ የነበረው አሠራር በ2021 ከተመለሰ ወዲህ፣ የኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በምርጫ ክልላቸው ላሉ የተወሰኑ ፕሮጀክቶች በስም ጠቅሰው ገንዘብ መጠየቅ ይችላሉ፤ በቅርብ ዓመታት ጣሪያው ለአንድ ተወካይ በዓመት 15 ጥያቄ ሲሆን ጥያቄዎቹም ለሕዝብ ይፋ ይደረጋሉ። ወደ 770 ሺህ ሕዝብ የሚወክል ሰው የእያንዳንዱን ሰፈር ጉድለት በራሱ ያውቃል ብሎ መጠበቅ ስለማይቻል፣ ከ15ቱ አንዱ ለእኛ አካባቢ እንዲሆን ከፈለግን ቀድመን መናገር አለብን። የዜግነት ማመልከቻ ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ጉዳይ ሲጓተትም፣ ባለጉዳዩ የፈቃድ ቅጽ እስከፈረመ ድረስ፣ የተወካዩ ቢሮ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ እጩው ለዚህ ሥራ ስንት ሠራተኛ እንደሚመድብ፣ ከእነርሱም አማርኛ የሚናገር ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

መንገዱን አናውቀውም እንዳልል፣ ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128 በሚያዝያ 2018 በምክር ቤቱ እንዲያልፍ ከየግዛቱ ስልክ የደወልነው እኛው ነን።

ሀገራዊውና የሰፈሩ ጥያቄ እንደሚገናኙ ሌላም ማሳያ አለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በኒው ዮርክ፣ በምክር ቤቱ ከዲሞክራቲክ ፓርቲ ከፍተኛ መሪዎች አንዱ የነበሩት ጆ ክራውሊ ብሮንክስ ውስጥ ወደተዘጋጀ ክርክር በራሳቸው ፈንታ ሌላ ሰው ላኩ፣ ብዙም ሳይቆይ ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ በአሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ተሸነፉ። አሸናፊዋ ይዘውት የተነሡት የጤና መድን ለሁሉም የሚለው ጥያቄ ፍጹም ሀገራዊ ነበር፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ ላስመረረው ነዋሪ በየደጁ እየዞሩ ያስረዱት እርሳቸው ነበሩ።

ጋዜጣዎ ከላይ የጠቀስኳቸውን ጥያቄዎች ለሁሉም እጩዎች በእኩል ልኮ፣ ምላሻቸውን ጎን ለጎን እንዲያትም፣ ያልመለሰም ካለ ስሙን ከባዶ ቦታ ጋር እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። ይህም ከቅድመ ምርጫው በፊት፣ በደንብ ቀደም ብሎ ቢሆን መልካም ነው፤ በእኛ የምርጫ ክልል ውጤቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በዲሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ሲሆን፣ በሜሪላንድ ደግሞ በዚያ ድምፅ የሚሰጠው በፓርቲው አባልነት የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ