ለአባቴ፦ ስለ ሆንዱራሱ ዳኛ ፕሬዚዳንት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ሕግ የተማረ ሰው ሥልጣን ሲይዝ ሕጉን ያስታውሳል ወይ?» ብለው የጠየቁኝን ሳሰላስል ቆይቻለሁ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ በፓርኪንግ ሥራ አብሮኝ የሚውለው የሆንዱራስ ልጅ ደጋግሞ የሚያነሳቸው ካርሎስ ሮቤርቶ ሬይና ለጥያቄዎ የሚስማሙ ሰው ሆነው ስላገኘኋቸው ታሪካቸውን ልጽፍልዎ ወደድሁ።

ሬይና እ.ኤ.አ. በ1926 ከዋና ከተማዋ ከቴጉሲጋልፓ በወንዝ ማዶ ባለችው ኮማያጉዌላ ተወለዱ፤ በወጣትነታቸው የአገሪቱን አምባገነን የጄኔራል ካሪያስን አገዛዝ በመቃወማቸው ታስረዋል። ሕግ ተምረው በዲፕሎማትነት ከሠሩ በኋላ፣ በ1979 ኮስታ ሪካ ውስጥ ሥራ በጀመረው የአሜሪካ አገሮች የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ዳኞች አንዱ ሆኑ፤ ከ1981 እስከ 1983ም ፍርድ ቤቱን በፕሬዚዳንትነት መሩ። እርሳቸው በዚያ ችሎት በተቀመጡባቸው ዓመታት የገዛ አገራቸው ጦር ተቃዋሚ ያላቸውን ሰዎች እያፈነ ይሰውር ነበር። እርሳቸው ከለቀቁ በኋላም ያው ፍርድ ቤት፣ ማንፍሬዶ ቬላስኬዝ በተባለው ተማሪ መሰወር ሆንዱራስን በ1988 ተጠያቂ አደረገ።

በ1993 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ተቀናቃኛቸው የቀድሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ዳኛ ከዳኛ ጋር ተፎካከረ ብለው እንደሚስቁ አውቃለሁ። ሬይና አሸንፈው በጥር 1994 መንበሩን ያዙ።

ከሥራቸው ሁሉ ጓደኛዬ የሚያስቀድመው የግዴታ ውትድርናን ማስቀረታቸውን ነው። እንደሚነግረኝ ወታደሮች አውቶቡስ አስቁመው፣ ሴቶቹንና ሽማግሌዎቹን ትተው ጎረምሶቹን ብቻ እየለዩ ያወርዱ ነበር፤ የሀብታም ልጅ አውቶቡስ ስለማይሳፈር አይነካም። የደርግን ዘመን አፈሳ ላዩት ለእርስዎ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። በ1995 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ውትድርና በፈቃደኝነት ሆነ። በማሰቃየት ስሙ የከፋው በጦሩ ሥር የነበረው የምርመራ መሥሪያ ቤትም ተዘግቶ ሥራው በዐቃቤ ሕግ ሥር ለሚገኝ የሲቪል አካል ተሰጠ። በዚያው ዓመት ዐቃቤ ሕግ፣ በ1982 ስድስት ተማሪዎችን አፍነዋል ያላቸውን አሥር መኮንኖች በመደበኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ከተከሳሾቹ አንዳንዶቹ ግን ሸሽተው ተደበቁ።

ሁሉ ሠመረላቸው አልልዎትም። ሥልጣን በያዙበት ዓመት ድርቅ የኤል ካሆንን ግድብ ውኃ አጉድሎ አገሩ በመብራት መጥፋት ተቸገረ፤ በሙስና ላይ «የሞራል አብዮት» ብለው ያወጁትም ከተስፋው ያነሰ ነው። ጦሩን ሙሉ በሙሉ በሲቪል ሚኒስትር ሥር ማዋሉም በ1999 በተተኪያቸው በካርሎስ ፍሎሬስ ዘመን ነው የተፈጸመው። ቢሆንም በእኔ አስተያየት ሬይና ወንበራቸውን ሲቀይሩ ሕጉን አልረሱም፤ ጄኔራሎቹን በመሣሪያ ሳይሆን አንቀጽ በአንቀጽ ነው ያስለቀቋቸው። በ2003 አርፈዋል።

እርስዎ በዳኝነት ዘመንዎ ካዩት ጋር አስተያይተው የሚሉኝን በሚቀጥለው ደብዳቤዎ እጠብቃለሁ። እማማንና ታናናሾቼን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ