የበጎ አድራጎት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ እስክሪብቶው በማን እጅ ይሁን?

የክበባችን ስም ሲነሳ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ከገና በፊት በየክፍሉ የሚዞረውን የልብስ ማሰባሰቢያ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ዘንድሮም ዞሯል፤ የተሰበሰበው ልብስም ታጥቦና ተለይቶ ለባለጉዳዮቹ ደርሷል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የዓመቱ ዋና ሥራችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ፣ በደብተርና በእስክሪብቶ የሚሠራ ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጆች «ፎቶ አምጣ» ሲሉኝ የሰጠኋቸው የአንድ ደብተር ገጽ ቅጂ ነው። ካላተሙት አልቀየማቸውም።

በትምህርት ቤታችን አካባቢ የሚንቀሳቀስ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ሥራው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን እናቶች በራስ አገዝ ቡድን ማደራጀት ነው። ይህ አሠራር ለአዳማ እንግዳ አይደለም። በሕንድ አገር ከ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ቴርፈንድ ከተባለው የእንግሊዝ ክርስቲያናዊ የረድኤት ድርጅት ጋር ሆና በአገራችን ሙከራውን የጀመረችው እዚሁ ከተማ፣ በአምስት ቡድኖች ነበር። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ገረማቸው፤ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ አዲስ አበባ የሚደርስ ይመስላቸዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። የሁሉም አቅም የሚፈቅደውን እኩል መጠን ይቆጥባሉ፤ መጠኑን የሚወስነውም ከሁሉ የደከመችው አባል የምትችለው ነው። ገንዘቡ ጠርቀም ሲል ለራሳቸው አባላት በወለድ ያበድራሉ። ሰብሳቢነቱ በየተራ ነው። ስምንት ዐሥር ቡድኖች ሲጠነክሩ ሁለት ሁለት ተወካይ ልከው የጋራ ኅብረት ይመሠርታሉ። እቁብ ነው እንዳይባል ዕጣ የለውም፤ እድር ነው እንዳይባል ሥራው ከለቅሶ ቤት የሰፋ ነው።

በመጀመሪያው ጉብኝት አንድ ተማሪ «ታዲያ ድርጅቱ ምን ይሰጣል?» ብሎ ጠየቀ። ቡድኖቹን የምታግዘው የድርጅቱ ሠራተኛ፣ አመቻቿ፣ «ስብሰባ» ብላ መለሰችለት። ሥልጠናና ምክር ይሰጣል፤ የመነሻ ገንዘብ ግን አይሰጥም። በዚህ ጉዳይ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። የዐሥረኛ ክፍሏ ምክትል ሰብሳቢያችን «እራት የሌላትን ሴት ቆጥቢ ማለት ጭካኔ ነው» ብላ አጥብቃ ተከራከረች። እኔ በከፊል እስማማለሁ። አልጋ ላይ ለዋለ በሽተኛ፣ ጧሪ ለሌላቸው አዛውንት የቁጠባ ሣጥን መልስ አይሆንም። ለእነሱ ቀጥተኛ ድጋፍ ያስፈልጋል፤ የመንግሥት የድጋፍ ፕሮግራም የሆነው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ለብቻው ክፍያ የመደበው ለዚህ ነው (አዳማም ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች)። መሥራት የምትችል፣ እየሠራችም የምትቸገር ሴት ግን የሚጎድላት ብዙ ጊዜ ጉልበት አይደለም። ሸቀጥ የምትገዛበት ትንሽ ገንዘብ በሚያስፈልጋት ቀን አለማግኘቷ ነው፤ ያኔ የምትሄደው አራጣ አበዳሪ ዘንድ ነው።

አሁን ወደ እስክሪብቶው ልምጣ። ከምንጎበኛቸው ቡድኖች በአንዱ መጻፍ የሚችሉት ጸሐፊዋ ብቻ ነበሩ። እሳቸው የታመሙ ሳምንት ሒሳቡ ሳይመዘገብ ይውላል። ልጆቻችን ወዲያው «እኛ እንጻፍላቸው» አሉ፤ ተራ እስከማውጣት ደረሱ። አመቻቿ አልፈቀደችም። «እናንተ ሰኔ ላይ ትዘጋላችሁ፤ ሐምሌ ላይ ማን ይጽፋል?» አለች። ድርጅቱ ለራሱ ሠራተኞችም ያወጣው ደንብ ይኸው ነው፤ አመቻች ገንዘቡንም ደብተሩንም አትነካም።

ስለዚህ ሥራችን ማስተማር ሆነ። የሒሳብ መምህር ነኝና የሚቀጥለውን ረዘም አድርጌ ብጽፈው ይቅር በሉኝ። እናቶቹ ሒሳብ ያውቃሉ። ገበያ ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም ዋጋ በቃላቸው ሲደምሩ ልጆቻችን ስልክ አውጥተው እስኪጨርሱ አይጠብቁም። የሚያስቸግራቸው መጻፉ ነበር። አንዲት እናት «አንድ ሺህ ሃምሳ» ለማለት 100050 ብለው ጻፉ። አንድ ልጅ ሊስቅ ሲል ጎኑ ያለችው በክርኗ ጎሰም አደረገችው። ስህተቱ ደግሞ ሥርዓት አለው፤ አንድ ሺህን ጻፉ፣ ከጎኑ ሃምሳን ጻፉ፤ ጆሮ የሰማውን እጅ በቅደም ተከተል አሰፈረ። በግዕዝ አኃዝ ቢሆን ኖሮ ፲፻፶ ብለው ትክክል ይሆኑ ነበር! ልጆቹ የሺህ፣ የመቶ፣ የዐሥርና የአንድ ቤት አሰምረው በየቤቱ የብር ኖትና ሳንቲም እያስቀመጡ አሳዩ፤ ባዶ ቤት በዜሮ እንደሚሞላ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ ደብተሩን በየተራ መያዝ የሚችሉ ሌሎች ሦስት እናቶች ተገኙ።

ከዚያ ወደ ትርፍና ኪሳራ ገባን። እንጀራ ጋግረው ለሻይ ቤቶች የሚያስረክቡ አንዲት እናት «ቀኑን ሙሉ እሠራለሁ፣ ገንዘቡ ግን የት እንደሚገባ አላውቅም» አሉ። ሁለት ተማሪዎች አብረዋቸው ተቀምጠው ወጪ መዘገቡ። ጤፉን፣ ማስፈጫውንና መብራቱን ጻፉ። የተጋገረው ከተሸጠው ጋር ግን አልገጠመም። ልዩነቱ ቤት ውስጥ የተበላው እንጀራ ነበር። ተማሪው «ይህ ወጪ ነው» ሲል እናትየው «ልጆቼን ወጪ ብለህ ልትጽፋቸው ነው?» ብለው ተቆጡ። ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ «ለቤት» የሚል ሌላ ዓምድ ተሰመረ። በዚያ ዓምድ ምክንያት ኪሳራ ያሉት ሥራ ልጆቻቸውን እየቀለበ እንደነበር ታየ። ግን ለእሳቸው ድካም የሚከፈል አንድም ብር በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዋጋ ጨመሩ። አንድ ሻይ ቤት ትቷቸዋል፤ ሌሎቹ ቀጥለዋል።

የወለዱ ሒሳብ ግን በእናቶቹ አሸናፊነት ነው የተቋጨው። በወር 2 በመቶ ለሦስት ወር የተበደሩት 3,000 ብር በየወሩ 1,000 ብር እየተመለሰ ወለዱ በሙሉው ብድር ላይ ሲታሰብ 180 ብር ይሆናል። ልጆቹ በቀሪው ላይ ቢታሰብ 120 ብር ብቻ እንደሆነ በኩራት አሳዩ። እናቶቹ አዳመጡና በ180 ይቀጥል አሉ፤ ለማስላት ይቀላል፣ ወለዱም የሚገባው ለራሳቸው ሣጥን ነው። የሚቃወም መምህር የለም።

ዓመቱ ለቆጣቢ የሚመች አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ሲዳከም በሣጥን የተቀመጠ ገንዘብ የመግዛት አቅሙ አብሮ ወርዷል። እናቶቹ ይህን ከኢኮኖሚክስ ትምህርት ሳይሆን ከዘይት ዋጋ አወቁት። ገንዘቡ ሣጥን ውስጥ እንዳያድር ቶሎ ቶሎ ማበደር ጀመሩ፤ ሳምንታዊውን መጠን ለመጨመር የቀረበው ሐሳብ ግን ሁለት አባላት ስለማይችሉ ውድቅ ሆኗል።

የክበቡ አባላትም የራሳቸውን ሣጥን ከፍተዋል። 18 ተማሪዎች በሳምንት 5 ብር፣ ድምሩ 90 ብር። ለስፖርት ቀን ቆሎ ሸጠው ያተረፉ አሉ። አንድ ብድር እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ስሙን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ትራንስክሪፕት ከመውሰዱ በፊት እንነጋገራለን።

ለ2018 ዓ.ም. እናቶቹ ራሳቸው የጠየቁን ነገር አለ። ከሻይ ቤቶች የሚላክላቸውን የቴሌብር መልእክት ማንበብና ቀሪ ሒሳባቸውን ማወቅ ይፈልጋሉ፤ እስካሁን ስልካቸውን ለሰፈር ልጅ እየሰጡ ነው የሚያስነብቡት። የምስጢር ቁጥር እንዴት እንደሚጠበቅ የሚያስረዳ አጭር ትምህርት የዘጠነኛ ክፍል አባላት በክረምቱ እያዘጋጁ ነው። አዲስ አባላት መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ላይ በሒሳብ ትምህርት ክፍል ቢሮ እንመዘግባለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሌላ ፕሮግራም ያለው ባይመዘገብ ይሻላል።