ቢጫ ካርዱን አራት ጊዜ፣ ቬፑን አንድም ጊዜ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለእረፍትና ለሕክምና ወደ እስያ ለሚጓዙ ሰዎች ያወጣችሁትን ምክር ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቪዛው፣ የቢጫ ወባ ካርዱ፣ የሻንጣው ኪሎ፣ የምንዛሪው ነገር፣ ሆድ እንዳይበላሽ ምን መብላት እንደሚሻል ሁሉም አለ። እጃችሁ ይባረክ። አንድ ነገር ግን ገጹን ሁለት ጊዜ አገላብጬ አጣሁ፤ ሲጋራና ቬፕ፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ። «ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም ትኬት ቆራጭ ሆኜ 14 ዓመት ስሠራ፣ እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

አባትና ልጅ ናቸው። አባት ለልብ ሕክምና ወደ ባንኮክ ይሄዳሉ፤ ልጅ ሊያስታምማቸው ከቨርጂኒያ መጥቷል። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚሄደውን ሰው ቢጫ ካርድ ስለምትጠይቅ እሱን ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ ሲወጡም በሩ ድረስ ተከትዬ «ካርዱን በእጅ ሻንጣ» አልኩ። ልጁ አንገቱ ላይ በገመድ ያንጠለጠላትን ትንሽ ዕቃ ምን እንደሆነች አላወቅኩም ብል እዋሻለሁ። ቢሮው እንጆሪ እንጆሪ ሸትቷል። የሰው ሱስ የእኔ ጉዳይ አይደለም ብዬ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሆስፒታሉ አጠገብ መንገድ ላይ ቬፑን ሲስብ ፖሊስ ያዘው። አባት ለምርመራ እህል ሳይቀምሱ ልጃቸውን ሲጠብቁ ቀጠሮው አለፋቸው። ልጁ ቅጣቱን ከፍሎ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ፣ ዕቃዋን አስረክቦ ወጣ። ያንገላታው የለም፤ ሕጋቸው ነው። ማታ ደወለልኝና «እህቴ፣ ስለ ቢጫ ካርዱ አራት ጊዜ ነግረሽናል፤ ስለዚህች ግን አንድም ጊዜ» አለኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ታይላንድ ቬፕ ወደ አገሯ እንዳይገባ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ በዓመቱ ሽያጩን ጨመረችበት። ይዞ የገባ ሰው ዕቃው ይወረሳል፣ ይቀጣል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ እስከ 10 ዓመት እስራት ሊያስፈርድ ይችላል። ግራ የሚያጋባው ባንኮክ ለሄደ ሰው ነው። መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው ሲሸጡት ያያል፣ የሚያጨሰውንም ያያል፤ ስለዚህ የተፈቀደ ይመስለዋል። እኛም ጋ እኮ ተከልክሎ በየመንደሩ የሚሸጥ ነገር ሞልቷል። የሻጩ መኖር የገዢውን ቅጣት አያስቀርም፣ በተለይ ገዢው የውጭ ሰው ሲሆን።

ለሲጋራ አጫሹ ደግሞ ልኩ 200 ፍሬ ነው፤ አንድ ስቴካ ማለት ነው። ከዚያ ያለፈውን ጉምሩክ ይወርሰዋል፤ የዋጋውን 10 እጥፍ ሊያስከፍልም ይችላል። ፑኬት ላይ ያለውን ፓቶንግን ጨምሮ በ24 የባሕር ዳርቻዎች አሸዋው ላይ ማጨስ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ክልክል ነው። ቅጣቱ እስከ 100 ሺህ ባት ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት ይደርሳል። ከአሸዋው ውስጥ የሚለቀመው ቁራጭ ሲጋራ ስላስመረራቸው ነው። የባንኮኩን የሱቫርናብሁሚን ኤርፖርት ጨምሮ በትልልቆቹ ኤርፖርቶች ተርሚናል ውስጥ የነበሩት የማጨሻ ክፍሎችም እ.ኤ.አ. በ2019 ተዘግተዋል። ከቦሌ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ ሳያጨስ የበረረ ሰው «እዚያ ስደርስ አጨሳለሁ» ብሎ ከሆነ ኢሚግሬሽኑን ጨርሶ፣ ሻንጣውን ወስዶ፣ ውጭ እስኪወጣ ይታገሣል።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። እኛ ሰው ስለ ሲጋራ ሲጠይቀን የምንመልሰው የት እንደሚጨስ ነው። ዛሬ መንገደኛን ችግር ላይ የሚጥለው ከሚያጨስበት ቦታ ይልቅ ኪሱ ውስጥ ያለው ዕቃ ነው። በሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2018 ጀምሮ ቬፕ መያዝ ራሱ ጥፋት ነው። አላጨስኩም፣ ባትሪውም አልቋል፣ የጓደኛዬ ነው ማለት አያድንም። በ2025 ደግሞ ቅጣቱን ከፍ አድርገውታል። ሲጋራም ቢሆን ከቀረጥ ነፃ የሚያስገቡት የለም። አንድ ፓኮም ብትሆን አሳውቆ ቀረጥ መክፈል ነው፤ ለቤተሰብ ስጦታ ነው የሚለውን አይሰሙም። ሆንግ ኮንግ ከቀረጥ ነፃ የምትፈቅደው 19 ፍሬ ብቻ ነው፤ ከፓኮው አንዷን አጭሶ መግባት ነው እንግዲህ። ቬፕ ማስገባትን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 30 ቀን 2022 ጀምሮ ከልክላለች። ሕንድ በ2019፣ ቬትናም በ2025 መጀመሪያ ዘግተዋል። የኛ ሙሽሮች መሄድ የጀመሩባት ማልዲቭስ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ቬፕን ከልክላለች፤ ለቱሪስትም የተለየ ነገር የለም። ከዓመት በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደ ሰው ትንባሆ ጨርሶ እንዳይገዛና እንዳይጠቀም አድርጋለች፣ ይሄም እንግዳውን ይጨምራል። የዱባይ ነጋዴዎቻችንን ያሳሳታቸውም እዚህ ላይ ነው። ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2019 የቬፕ ሽያጭን ስለፈቀደች «አረብ አገር ይቻላል» ይላሉ፤ የአንድ ሰዓት ገደማ በረራ ላይ ያለችው ኳታር ግን ትከለክላለች።

ሌላው የሚያሳስተን «ወጣ ብዬ ላጭስ» የምትለዋ ልማዳችን ናት። አዲስ አበባ ላይ ሬስቶራንት ውስጥ የተቀመጠ ሰው በሩ ላይ ቆሞ አጭሶ ይመለሳል፤ ጨዋነትም ነው። ቶኪዮ ውስጥ ቺዮዳ የሚባለው ክፍለ ከተማ ግን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚቀጣው መንገድ ላይ የሚያጨሰውን ነው። እዚያ ለረጅም ጊዜ ቤት ውስጥ ማጨስ እየተቻለ ውጭ ማጨስ ያስቀጣ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ በመናፈሻ፣ በባሕር ዳርቻ፣ በአውቶቡስ ፌርማታና በትምህርት ቤት አጠገብ ማጨስን በ135 ዩሮ ትቀጣለች፤ የካፌ በረንዳውን ግን ትታዋለች። ሚላን ከሰው 10 ሜትር ራቁ ትላለች። የሲንጋፖሩ ኦርቻርድ ጎዳና ሲጋራ የሚጨስበት ቦታ ለብቻው ተከልሎለታል፤ ከዚያ ውጭ አይቻልም።

ስለ አውሮፕላኑ ትንሽ ልበል፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ቬፕ ከእነ ባትሪው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተከልክሏል፤ በእጅ ይያዛል፣ አውሮፕላን ውስጥ ግን አይጨስም፣ ቻርጅም አይደረግም። ምክንያቱ ሊቲየም ባትሪ ነው። ባትሪው እጅ ላይ ቢግል ሰው አይቶ ያጠፋዋል፤ ታች ካርጎው ውስጥ ቢቀጣጠል ማን ይደርስለታል? ደንበኞቼ የሚስቁበት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ማጨስ ክልክል ከሆነ ሽንት ቤቱ በር ላይ መተርኮሻ ለምን አለ?» ይሉኛል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1973 ከሪዮ ዲ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረ የብራዚሉ ቫሪግ አየር መንገድ ቦይንግ 707 ኦርሊ ኤርፖርት ሊያርፍ ጥቂት ሲቀረው ከኋላው መጸዳጃ ቤት እሳት ተነሳ። አብራሪው ማሳ ላይ አሳረፈው፤ ነገር ግን 123 ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። መንስኤው በደንብ ያልጠፋ ሲጋራ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ተጥሎ ሊሆን ይችላል ተብሏል። መተርኮሻው ከዚያ ወዲህ ግዴታ ሆነ። ሰው ሕግ ጥሶ ሊያጨስ እንደሚችል አስበው፣ ቢያጨስ እንኳ ወረቀት መሐል እንዳይጥለው ቦታ አዘጋጁለት። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የጫትን ነገር አስቡት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ጫትን ከከለከለች ወዲህ፣ አሜሪካ ደግሞ ከዚያም በፊት ጀምሮ ስለምትይዝ፣ ዛሬ ጫት ሻንጣው ውስጥ የሚከት ሰው ጥቂት ነው። ሰዉ ያወቀው ግን ከጋዜጣ ወይም ከትኬት ቢሮ አይደለም። የእገሌ ልጅ ተያዘ፣ የእገሊት ባል ታሰረ እየተባለ ነው። ቬፑንም በዚሁ መንገድ እስክንማር መጠበቅ አለብን?

በሌላ በኩል ወደ እኛ የሚመጣውም እንግዳ አለ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትንባሆ አይሸጥም፤ በሥራና በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ውስጥ ማጨስ ክልክል ሲሆን፣ ከበርና ከመስኮታቸውም 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ለገና ወይም ለሠርግ የሚመጣው የዳያስፖራ ዘመድ ይህን ከማን ይስማ? በየሆቴሉ የሚለጠፈው ሲጋራ ላይ ቀይ መስመር የተሰመረበት ሥዕል ነው፤ ስለ ቬፕ የሚናገር አንድም ሥዕል አላየሁም። ቬፕ አጫሹ ደግሞ ራሱን ሲጋራ አጫሽ አድርጎ አይቆጥርም፤ «እኔ እኮ ትቻለሁ» ነው የሚለው። ያ የቨርጂኒያው ልጅም ሲጋራ ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። የጉዞ ምክር ስታወጡ ለእያንዳንዱ አገር ሁለት መስመር ጨምሩ፤ አንዱ ቬፕ ይዞ መግባት ይቻላል ወይስ አይቻልም፣ ሌላው ስንት ፍሬ ሲጋራ። የሥራ ባልደረቦቼን ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ለደንበኛው በቴሌግራም የምንልከው የጉዞ ፕሮግራም ግርጌ ላይ ባዶ ቦታ ሞልቷል። «ያጨሳሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የሚመስለን ከሆነ አለመጠየቅ ነው፤ ለሁሉም መጻፍ። እኔ ከመስከረም ጀምሮ ለሁሉም እጽፋለሁ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ወረቀቱን አነበብኩላቸው። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ልጄ፣ እኔን ነው ሲጋራ የምትይኝ?» አሉ። እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ቆዩና ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ የጎረቤታቸው ልጅ እዚያ ላለ ወንድሙ «አደራ እማማ፣ ይቺን አድርሱልኝ» ብሎ ፌስታል ሰጥቷቸዋል። ፈትተው አላዩትም፤ የሰው ዕቃ አይፈታም ብለው። በማግስቱ ይዘውት መጡና አብረን ፈታነው። ሦስት ስቴካ ኒያላ ነው። አሜሪካ ለአንድ ሰው ከቀረጥ ነፃ የምትፈቅደው 200 ፍሬ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያ አንዷን ላድርስለት፤ አደራ ነው» ብለው አንዱን ስቴካ በጋቢያቸው ጠቀለሉት። ሁለቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። ለጎረቤት ልጅ ደውዬለት ነበር፤ እስካሁን መጥቶ አልወሰዳቸውም።

አንዲት የትኬት ቢሮ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ