ስለ ፈጣን ብስክሌት ሲወራ ጎማው አይረሳ

ይድረስ ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፦

ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት እጠግናለሁ። ስለ ፍጥነት ክብረ ወሰን ሲጻፍ የሚወደሰው የብስክሌተኛው ጉልበት ብቻ ነው፤ ጎማውን የሚያነሳው የለም።

አሜሪካዊቷ ዴኒስ ሙለር ኮረኔክ በ2018 እ.ኤ.አ. በቦነቪል የጨው ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ከሚከልልላት መኪና ኋላ ሆና በሰዓት 296 ኪሎ ሜትር ነድታለች። ለዚህ የብስክሌት ጎማ አልታመነም፤ የተገጠመላት የሞተር ሳይክል ጎማ ነው። በዚያ ፍጥነት ጎማው ጠርዝ ላይ ያለች አንዲት ግራም ላስቲክ 2 ኪሎ እንደተንጠለጠለባት ሁሉ ወደ ውጭ ትሳባለች። የውስጡ ክር ከደከመ ላስቲኩ ተገንጥሎ ይሄዳል።

ከፊቱ የሚከልል መኪና ሳይኖር የነዳው ካናዳዊው ቶድ ራይከርት ዋና ጠላቱ አየር ነበር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አየሩን ለመሰንጠቅ የሚፈለገው ኃይል 8 እጥፍ ይሆናል። በ2016 እ.ኤ.አ. በሰዓት 144 ኪሎ ሜትር የደረሰው ጋደም ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነ ብስክሌት ነው፤ መስኮት እንኳ ስላልነበረው መንገዱን የሚያየው በካሜራ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን የሚወርዱት ልጆቻችን ናቸው። የሚያመጡልኝ ጎማ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ክሩ ወጥቶ ይታያል። ፍሬኑ ሳይለቀቅ ሲወረድ ቸርኬው እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፤ የውስጥ ጎማውም መታጠፊያ ላይ ይፈነዳል። እባካችሁ፣ በስፖርት ገጻችሁ ስለ ጎማ ምርመራና ጎማው ጎን ላይ ስለሚጻፈው የአየር ልክ አንድ ዓምድ ስጡን።

አክባሪያችሁ፣
ብስክሌት ጠጋኙ፣ ከኮምቦልቻ