እንዴት ከረምሽ?

የኔ ውድ፣

እንዴት ከረምሽ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ረጅም ደብዳቤ ስልክልሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ሳቂ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

መልእክትሽ ደርሶኛል። እንቅልፍ እምቢ እንዳለሽ፣ መጸለይ እንዳቃተሽ፣ ሰው «አይዞሽ፣ በርቺ» ሲልሽ ደግሞ ጭራሽ እንደሚብስብሽ ጽፈሻል። እኔም የጠፋሁት በዚሁ ነው። ተቀይማኝ ይሆን ብለሽ ከነበረ፣ በጭራሽ። ከማንም ጋር ማውራት አቅቶኝ ነበር። ስልኩ ሲጠራ እያየሁት ዝም እለዋለሁ። ምን ሆንሽ ብትይኝ መልስ የለኝም፤ የሞተብኝ ሰው የለም፣ የጎደለብኝ ነገር የለም፣ እንዲሁ ሁሉ ነገር ከበደኝ።

ጥቅስ የሚልክልኝ ሰው አልጠፋም። «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለውማ ስንቴ እንደደረሰኝ! ቃሉ እውነት ነው፣ ጳውሎስም የጻፈው በምቾት ተቀምጦ ሳይሆን ታስሮ ነው። ግን ያኔ ሳነበው «ቶሎ ድነሽ አሳርፊን» የተባልኩ ይመስለኝ ነበር። ላኪዎቹ ክፉ አስበው አይደለም፣ ሰው ሲጨንቀው እጁ ላይ ያለውን ነው የሚልከው።

እኔን የያዘኝ ማንም የማይልከው መዝሙር ነው። መዝሙር 88፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 87 ስለሆነ ስትፈልጊው እንዳትምታቺ። ሌሎቹ የኀዘን መዝሙሮች በለቅሶ ይጀምሩና አብዛኞቹ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይሄኛው አይዞርም። ሰውየው ሌትና ቀን ይጮኻል፣ ወዳጆቼን አራቅህብኝ ይላል፣ ጨለማ ውስጥ እንዳለ ያልቃል። በቃ። «ነገር ግን» የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ሳነበው ደነገጥኩ፣ ከዚያ እንደገና አነበብኩት፣ ከዚያ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም ይህን ጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ያስቀመጡት ሰዎች መጨረሻውን ሊያሳምሩለት አልሞከሩም። እንግዲህ እኔም እንዳለሁ ሆኜ መቅረብ እችላለሁ ማለት ነው። ለሰውየው ጨለማው አልተገፈፈለትም፣ ግን የሚያወራው ከእግዚአብሔር ጋር ነው፤ ሲማረርም ወደ እሱ ነው። ያን ሰሞን እኔ ከዚህ የተሻለ እምነት አልነበረኝም።

42ኛውንና 43ኛውን ደግሞ አያይዘሽ አንብቢያቸው። «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» የሚለውን ታውቂዋለሽ። ሦስት ጊዜ እንደሚመጣ ግን ልብ ብለሻል? ራሱን ይጠይቃል፣ ተስፋ አድርጊ ይላታል፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ጥያቄ ይመለሳል። እኔ ከአንድ ጸሎት በኋላ ቀለል ይለኝና ማታ ሲመለስብኝ «እምነቴ ውሸት ነበር» እል ነበር። ለካስ የእሱም ይመለስ ነበር።

ኤልያስን ሳላነሳልሽ አላልፍም። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ አስወርዶ፣ በማግስቱ ይመስል ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ስትዝትበት ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ። ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል» አለ፣ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ለመነ። ያ ትልቅ ነቢይ! እኛ ብንሆን «አንተ ነቢይ ሆነህ እንዴት እንዲህ ትላለህ» ብለን እንነሣበት ነበር። የመጣው መልአክ ግን አንድም የተግሣጽ ቃል አልተናገረውም። ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና ውኃ ራስጌው ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ተመልሶ መጣና እንደገና ብላ አለው፣ መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ። ወደ ኮሬብ ተራራ የተጓዘው፣ ያን ዝግ ያለ የእግዚአብሔር ድምፅ የሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅድሚያ የተሰጠው ለእንቅልፍና ለምግብ ነው፤ አንቺም ቁርስ ሳትበዪ «ለምን መጸለይ አቃተኝ» እያልሽ ራስሽን አትውቀሺ። ሐኪም ማማከርም ያው ነው። እኔ ሄጃለሁ፣ ረድቶኛል፣ እምነቴም አልተቀነሰ። እንቅልፉ እንዲህ ከቀጠለ ዛሬ ነገ አትበዪ። «ይበቃኛል» የሚለው ሐሳብ ወደ አንቺም ከመጣ ደግሞ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ደውዪልኝ ወይም አጠገብሽ ላለ ሰው ንገሪ። ብቻሽን አትያዢው።

የኢዮብ ወዳጆችንም አስቤያቸዋለሁ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱና አበላሹት። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው እንጂ ሲጮኽ በነበረው በኢዮብ አይደለም። ስለዚህ ይህን ሁሉ መጻፌ ራሱ ያስፈራኛል!

ጌታችንም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሎ ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል፤ ከእኔ ጋር ትጉ ብሎ ለምኗቸዋል። እነሱ ተኙ። አብሮ የሚቆይ ሰው መፈለግ ድክመት ነው የምትዪ ከሆነ እዚያ ላይ ትንሽ ቆዪ።

ጳውሎስም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ፣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ የቆረጠበት ጊዜ እንደነበር በግልጽ ይናገራል። ምዕራፍ 7 ላይ ደግሞ ያዘኑትን የሚያጽናና አምላክ በቲቶ መምጣት አጽናናን ይላል። ራእይ አይቶ አይደለም፤ ሰው መጣለት።

እናም ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ቤቱን እንዳታስተካክዪ፣ እንግዳ አይደለሁም። ማውራት ካልፈለግሽ አናወራም። ብታለቅሺም ጥቅስ አልጠቅስልሽም፣ ቃሌ ነው። እስከዚያ ማንበብ ከቻልሽ ከመዝሙር 13 ጀምሪ፤ ስድስት ቁጥር ብቻ ናት፣ «እስከ መቼ» እያለች ነው የምትጀምረው። ካልቻልሽም ተዪው፣ አብረን እናነባታለን። ቅዳሜ ካልተመቸሽ እሑድ በዪኝ፣ አትምጪ ግን እንዳትዪኝ።

የዘወትር እህትሽ