ለየካ አባዶ የአካባቢ ጥበቃ አባላት፦ የተጎዳ ሰው ስናነጋግር

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣

ትናንት ማታ ስልኳን የተቀማችው ልጅ እኛ ዘንድ ስትደርስ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ውሃ እንኳ ሳንሰጣት አራት ሆነን ከበብናት። አንዳችን "ጥቁር ጃኬት የለበሰው ነው አይደል?" ሲላት "አዎ" አለች፤ ቆይታ ግን ጃኬቱን ጭራሽ እንዳላየችው ነገረችኝ። አልዋሸችም፤ የደነገጠ ሰው ያቀበሉትን ቃል ይይዛል። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስና ባልደረባዋ የመኪና ግጭት ፊልም ለተማሪዎች አሳይተው ነበር። መኪኖቹ በምን ፍጥነት ይሄዱ እንደነበር ሲጠየቁ፣ በጥያቄው ውስጥ "ተላተሙ" የሚል ከበድ ያለ ቃል የሰሙት ፍጥነቱን ከፍ አድርገው ገመቱ፤ ከሳምንት በኋላም በፊልሙ ያልነበረ የተሰባበረ መስታወት አየን ያሉት ከእነሱ መካከል በዙ።

እባካችሁ፣ መጀመሪያ አረፍ ትበል፤ አንድ ሰው ብቻ ያናግራት። "የሆነውን ከመጀመሪያው ንገሪኝ" ብሎ መስማት ነው፤ ዝም ብትልም አታቋርጧት። "በማታ ምን አስወጣሽ?" የሚለውን ፈጽሞ መስማት አልፈልግም፤ አፏን ይዘጋዋል። ቃል መቀበል የፖሊስ ሥራ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 31 ፖሊስ እንኳ በማስፈራራት ወይም በተስፋ ቃል እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ እኛማ እንዴት እንጫናት?

ልጅቷ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ጣቢያ ትሄዳለች። አብራት የምትሄድ ሴት አባል ዛሬ ማታ ትደውልልኝ።